ከመዝገብ የወጡት እናቶች፦ የሚልዋኪ ዌልፌር የጉዳይ ጥናት

አምስት ዶላር ከአሥራ አምስት ሳንቲም። በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ፣ ዌልፌር የሚባለውን የመንግሥት የድሃ እርዳታ የምታገኝ እናት ከተመደበችበት ሥራ ወይም ሥልጠና ያለ በቂ ምክንያት አንድ ሰዓት ከቀረች ከወር ክፍያዋ የሚቆረጥባት ይኼ ነበር። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልመጣም። ከመስከረም 1997 ጀምሮ የአገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 5.15 ዶላር ነበር። የእሷ የወር ክፍያ ደግሞ 673 ዶላር። 673ን ለ5.15 ሲያካፍሉት 130 ሰዓት ከትንሽ ይወጣል፤ በሳምንት 30 ሰዓት መሆኑ ነው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) “ሊሠራ የማይወድ አይብላ” የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን ከአውደ ምሕረት ሰምተነዋል። በካልኩሌተር ሲሰላ እንዲህ ይመስላል።

እዚህ የማነሣው ግን ቅጣቱን ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ዊስኮንሲን በአሜሪካ የዌልፌር ታሪክ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞና ከሁሉም አጥብቆ እናቶችን ከጥሬ ገንዘብ እርዳታ ያስወጣ ግዛት ነው። በ1987 ቶሚ ቶምሰን አገረ ገዢ ሲሆኑ በእርዳታው መዝገብ ላይ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ቤተሰብ ነበር። በ2000 ከአሥሩ ዘጠኙ የለም። ቶምሰን በዚህ ዝናቸው ዋሽንግተን ተጠርተው በ2001 የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት ሚኒስትር ሆኑ። የወጣው ሰው ብዛት በየወሩ በጋዜጣ ይወጣ ነበር። የወጣው ሰው የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ የተነሣው ዘግይቶ ነው፤ መልሱም እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሕጉ

ለድሃ እናቶችና ልጆች የሚሰጠው የጥሬ ገንዘብ እርዳታ በ1935 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ከሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) ሕግ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ያኔ በአብዛኛው የታሰበው ባሏ ለሞተባት ሴት ነበር። እየዋለ እያደረ ተጠቃሚዋ ያላገባች ወይም የተፋታች እናት ሆነች፤ ዌልፌር የሚለው ቃልም በፖለቲከኞች አፍ የጥቁር እናቶች መስደቢያ እስከ መሆን ደረሰ። በ1994 ቁጥሩ ጣሪያ ነካ፤ 5 ሚሊዮን ቤተሰብ፣ 14 ሚሊዮን ሰው። ቢል ክሊንተን በ1992 ምርጫ “የምናውቀው ዌልፌር እንዲያበቃ አደርጋለሁ” ብለው ቃል ገብተው ነበርና ነሐሴ 22 ቀን 1996 አዲሱን ሕግ ፈረሙ።

ሕጉ የቀድሞውን ፕሮግራም ሽሮ ታንፍ የሚባለውን ተካ። “ጊዜያዊ እርዳታ ለችግረኛ ቤተሰቦች” እንደማለት ነው፤ ክብደቱ ያለው “ጊዜያዊ” የምትለው ቃል ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ በፌዴራል ገንዘብ በዕድሜው ሙሉ በመሠረቱ ከ60 ወር በላይ መረዳት አይችልም። የፌዴራሉ መንግሥት በፊት ተረጂ ሲበዛ ብዙ፣ ሲያንስ ጥቂት ይከፍል ነበር፤ አሁን ለግዛቶቹ በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር በድፍኑ ሰጥቶ እጁን አነሣ። ገንዘቡ ከኑሮ ውድነት ጋር አያድግም፤ ግዛቱም ለሌላ ጉዳይ ሊያውለው ይችላል።

ከሁሉም ሕጉን ሳነብ የያዘኝ ግን አንድ ትንሽ አንቀጽ ነው። ግዛቶች ከተረጂዎቻቸው ግማሹን ሥራ ላይ ማሰማራት አለባቸው ይላል፤ ካልሆነ ቅጣት አለ። ወረድ ብሎ ግን፣ ግዛቱ ከ1995 ወዲህ ተረጂ ከቀነሰ የቀነሰው በመቶኛ ከዚያ ግዴታ ላይ ይነሣለታል ይል ነበር። የመመዘኛ መስፈርቱን በማጥበብ የመጣው ቅናሽ አይቆጠርም እንጂ፣ እናቲቱ ሥራ አግኝታ ትሂድ፣ ተሰላችታ ትሂድ፣ ወደ እናቷ ቤት ትግባ፣ ያው ነው። መዝገቡ ከቀለለ ግዛቱ ተመሰገነ ማለት ነው። ቆጠራው በሩ ላይ እንዲቆም ያደረገው ይኼ አንቀጽ ይመስለኛል።

መሰላሉ

የዊስኮንሲን ፕሮግራም ደብልዩ-ቱ ይባላል፤ በመስከረም 1997 ተጀመረ። ከዚያ በፊትም ግዛቱ አሥር ዓመት ሙሉ ሲሞክር ነበር፤ በ1988 ትምህርት ቤት የሚቀር ጎረምሳ ያለበትን ቤተሰብ ክፍያ መቁረጥ፣ በ1995 በፎን ዱ ላክና በፒርስ አውራጃዎች የጊዜ ገደብ፣ በ1996 ጸደይ “እንደ ሥራሽ ክፍያሽ” የሚል አሠራር። ስለዚህ ደብልዩ-ቱ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ይኼ መዘንጋት የለበትም፤ መጀመሪያ የሚወጣው የተሻለ አቅም ያለው ነው፤ መጨረሻ የቀሩት ደግሞ በአብዛኛው ሚልዋኪ ውስጥ ያሉ፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡ፣ የታመሙ፣ ልጅ የታመመባቸው እናቶች ነበሩ።

ፕሮግራሙ ያኔ አራት ደረጃ ያለው መሰላል ነበር። ከላይኛው ደረጃ ላይ ያለችው “ለሥራ ዝግጁ ነሽ” የተባለችው ናት፤ ምክርና የሥራ ማስታወቂያ እንጂ ገንዘብ አታገኝም። ሁለተኛው ለአሠሪ ድጎማ እየተሰጠ የሚደረግ የሙከራ ሥራ ነው፤ በወረቀት ላይ ያምራል፣ በተግባር የደረሰው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው የማኅበረሰብ ሥራ፦ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት ሥራ፣ 10 ሰዓት ትምህርት፣ በወር 673 ዶላር። አራተኛው ጤናቸው ወይም የቤታቸው ሁኔታ ለማይፈቅድላቸው፦ 628 ዶላር። የወለደች እናት ልጇ 12 ሳምንት እስኪሞላው ብቻ ታርፍ ነበር፤ ከዚያ ሕፃኑን ለዴይኬር (ለሕፃናት ማቆያ) ሰጥታ ትወጣለች።

ክፍያው በልጅ ቁጥር አይለያይም። በድሮው ሥርዓት እናትና ሁለት ልጅ 517 ዶላር ያገኙ ነበር፤ ልጅ ሲጨምር ክፍያው ይጨምራል። በአዲሱ አንድም ልጅ ይኑራት አምስት፣ 673 ነበር። “ደመወዝ በልጅ ቁጥር አይከፈልም” የሚል መከራከሪያ ነበረው፤ እውነት ነው፣ አይከፈልም። ስለዚህ አንድና ሁለት ልጅ ያላት ተጠቀመች፣ አራትና አምስት ያላት ተጎዳች። እናቲቱ ራሷ አካል ጉዳተኛ ሆና በዚያ ምክንያት የጡረታ ዓይነት ክፍያ የምታገኝ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ወደ መሰላሉ አትገባም፤ ለልጆቿ በነፍስ ወከፍ 77 ዶላር ተመደበላት። ጩኸት ሲበዛ በኋላ ከፍ ተደረገ።

ሚልዋኪ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው መንግሥት አልነበረም። ከተማዋ በስድስት ቀጠና ተከፍላ ለአምስት የግል ድርጅቶች በኮንትራት ተሰጠች፤ አንዳንዶቹ በጎ አድራጊ፣ ለትርፍ የቆመም ነበረበት። የመጀመሪያው ኮንትራት ከተመደበው በጀት የተረፈውን በከፊል ድርጅቱ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ሰው ሲቀንስ የሚተርፈው ይጨምራል። በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ኬዝ ወርከር (የእናቶቹን ጉዳይ የምትይዘው ሠራተኛ) ክፉ ሰው መሆን አያስፈልጋትም፤ “ብዙ አትስጭ፣ የጠየቀችሽን ብቻ መልሽላት” የሚል መመሪያ ይበቃታል። በፕሮግራሙ ቋንቋ ይህ “ቀላል እጅ” ይባል ነበር። ፉድ ስታምፕ የሚባል የመንግሥት የምግብ መግዣ እርዳታ እንዳለ ያላወቀች እናት ስለ ፉድ ስታምፕ አትጠይቅም።

83 እና 62

ግዛቱ ራሱ በ1998 መጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ ከመዝገብ ከወጡት መካከል 375 ሰዎችን አነጋገረ። ከወጡ በኋላ በሆነ ጊዜ ሠርተው ያውቃሉ? 83 በመቶው አዎ። አሁን እየሠሩ ነው? 62 በመቶው። የግዛቱ ሰዎች የመጀመሪያውን ቁጥር ይዘው ተነሡ፣ ተቃዋሚዎች ሁለተኛውን። በእኔ እይታ ዋናው ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሥራ መግባት ለእነዚህ እናቶች ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ ዘመኑ የሰው ኃይል የጠፋበት ነበር፣ የነርሲንግ ሆም፣ የጽዳት፣ የፋስት ፉድና የጊዜያዊ ሥራ ኤጀንሲ ቦታ ሞልቶ ነበር። ከባዱ ሥራው ላይ መቆየት ነው። ልጅ ትኩሳት ያዘው፣ ዴይኬሩ ዘጋ፣ መኪናው ቆመ፣ አለቃዋ ፈረቃ ቀየረ፤ በሦስተኛው ወር ሥራው የለም።

እዚህ ላይ የከተማዋን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። ሚልዋኪ የቢራና የማሽን ከተማ ነበረች። ሽሊትዝ ቢራ ፋብሪካውን በ1981 ዘጋ፣ ፓብስት በ1996። ትራክተር ይሠራ የነበረው አሊስ-ቻልመርስ በ1980ዎቹ ከሰረ። በሰሜን ሚልዋኪ የሚኖሩት ጥቁር ቤተሰቦች የተነጠቁት በእግርና በአውቶቡስ የሚደረስበትን ሥራ ነው። አዲሱ ሥራ ከከተማ ወጣ ብሎ በዋኬሻ በኩል ነበር የሚከፈተው፤ አውቶቡሱ ደግሞ እንደልብ ወደዚያ አይደርስም። አንዲት እናት ሁለት ልጅ በሁለት ቦታ አድርሳ፣ አውቶቡስ ቀይራ፣ በክረምቱ በረዶ ቆማ ለ7 ዶላር ሥራ መድረስ አለባት።

በጥናቱ “ኑሮሽ እንዴት ነው?” ተብለው ከተጠየቁት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የመለሱት ምን እንደሆነ በእኛ አማርኛ ቁጭ ያለ አባባል አለው፤ ከእጅ ወደ አፍ።

በአገር ደረጃም ተመሳሳይ ሥዕል ወጣ። ዋሽንግተን የሚገኘው ኧርባን ኢንስቲትዩት ከ1995 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ዌልፌር የለቀቁ ቤተሰቦችን በ1997 አጥንቶ ነበር። 61 በመቶው ይሠራሉ፤ መሐል ላይ ያለው የሰዓት ደመወዝ 6.61 ዶላር ነው። 29 በመቶው ተመልሰው ዌልፌር ገብተዋል። ከሦስቱ አንዱ ምግብ ስላነሰው የምግብ መጠን ቀንሶ ወይም ሳይበላ ውሎ ያውቃል። ከአሥሩ አራት ያህሉ ባለፈው ዓመት ውስጥ የቤት ኪራይ ወይም የመብራትና የጋዝ ክፍያ ያቃተው ጊዜ ነበር። በሌላ በኩል፣ በዚያው ዘመን የሕፃናት ድህነት ወረደ፤ በ1993 ከ22.7 በመቶ በ2000 ወደ 16.2። የጥቁር ሕፃናት ከ46 ወደ 31። ይህንን ቁጥር የሚያጣጥል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ለውጡን ያመጣው መዝገብ ማጽዳቱ ነው ወይስ የሥራ ገበያው፣ የዝቅተኛ ደመወዙ ጭማሪና ከሁሉም በላይ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ቤተሰብ በታክስ በኩል የሚሰጠው ድጎማ? ለዚህ መልስ አንድ ቤት ውስጥ ገብቶ ሒሳብ መሥራት ይሻላል።

የአንድ ቤት ሒሳብ

እናትና ሁለት ልጅ እንበል፤ ዓመቱ 1998፣ ከተማው ሚልዋኪ። ሰዎቹ ምሳሌ ናቸው፣ ታሪፉ የዘመኑ ነው።

መዝገብ ላይ ሆና በማኅበረሰብ ሥራ ብትሠራ፣ አንድ ሰዓት ሳትቀር፣ በዓመት 8,076 ዶላር ታገኛለች። የሦስት ሰው ቤተሰብ የድህነት ወለል በዚያ ዓመት 13,650 ነው። ፉድ ስታምፕ ሲጨመር፣ የኪራይ ተቀናሹን ትተን ብናሰላው፣ በወር ወደ 150 ዶላር ገደማ። ሕጉ የማኅበረሰብ ሥራን ክፍያ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጥረው በዓመት መጨረሻ ታክስ ድጎማ አይገባትም። እንደ ሠራተኛ ሰዓቷ ይቆጠራል፣ እንደ ሠራተኛ ግን ታክስ አይመለስላትም። እዚህ ላይ ሳልስቅ ማለፍ ይከብደኛል።

አሁን ትውጣ። በሰዓት 7 ዶላር፣ በሳምንት 30 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት፦ 10,500 ዶላር። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) 800 ያህል ይቆረጥባታል። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ግን ሁለት ልጅ ስላላት ከፌዴራል 3,756 ዶላር፣ ከዊስኮንሲን ደግሞ የዚያ 14 በመቶ፣ 526 ዶላር ይመጣላታል። በድምሩ ወደ 14 ሺህ ዶላር ይጠጋል፤ የድህነቱን ወለል በጥቂት ያልፋል። ፉድ ስታምፑ ደግሞ፣ ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፣ ያው 150 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከሥራ የሚገኝ ገቢ ሲሰላ 20 በመቶው ስለማይቆጠር ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ መውጣቱ ያዋጣል። ቶምሰን የተሳሳቱ አይመስልም። ነገር ግን ሒሳቡ ውስጥ ሦስት “ቢሆን” አለ።

አንደኛው ሃምሳውን ሳምንት ብትሠራ ነው። የ83ና የ62 ልዩነት እዚህ ይገባል፤ አራት ወር ሥራ፣ ሁለት ወር እረፍት፣ እንደገና ከዜሮ። ሥራ ሲቋረጥ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን በደመወዙ ልክ የሚሰላው ድጎማም ይወርዳል።

ሁለተኛው ገንዘቡ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ከዓመት ገቢዋ ሩብ የሚበልጠው በአንድ ቼክ፣ በዓመት አንዴ ነው የሚደርሳት። ኪራይ ግን በየወሩ ነው። አሜሪካ ያለ ሐበሻ “ታክሴ ሲመለስ” እያለ ዕዳውን እስከ መጋቢት የሚያስታምመውን ያውቃል፤ እነሱም እንደዚሁ ናቸው። የታክሱ ብር ሲመጣ የተጠራቀመ የመብራት ዕዳ ይከፈላል፣ አሮጌ መኪና ይገዛል፤ ኅዳር ላይ መኪናው ይቆማል፣ ዕዳው ይመለሳል።

ሦስተኛው ፉድ ስታምፑንና ሜዲኬይዱን (መንግሥት ለድሃ የሚሰጠውን የጤና ሽፋን) ይዛ ብትወጣ ነው። ይህ ነው ብዙዎቹን የጣላቸው። በሕግ ከጥሬ ገንዘቡ ብትወጣም ሁለቱ አይቀሩባትም፤ በሥራ ምክንያት የወጣች እናት ለአንድ ዓመት የሜዲኬይድ መሸጋገሪያ አላት። በተግባር ግን ሦስቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቢሮ በኩል ነበሩ፤ ገንዘቡ ሲዘጋ ፋይሉ ተዘጋ። ደብዳቤ የደረሳት እናት “አበቃ” ብላ አነበበችው። በመላ አገሪቱ የፉድ ስታምፕ ተጠቃሚ በ1994 27.5 ሚሊዮን የነበረው በ2000 17.2 ሚሊዮን ደረሰ። ኑሮ የተሻሻለለት አለ፣ ግን እየተገባው ያጣ ብዙ ነው። ኧርባን ኢንስቲትዩት ባጠናቸው ቤተሰቦች ውስጥ ዌልፌር ከለቀቁት አዋቂዎች 41 በመቶው ምንም የጤና ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ዊስኮንሲን ይህን አይቶ በሐምሌ 1999 ባጀርኬር የሚባል ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ቤተሰብ የሚሆን የጤና ሽፋን ከፈተ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሌላም ምስጋና የሚገባው ነገር አለ፤ አብዛኞቹ ግዛቶች አባት ለልጁ የሚከፍለውን ቀለብ ለተሰጠው እርዳታ ማካካሻ ብለው ሲወስዱት ዊስኮንሲን ሙሉውን ለእናትየው አሳለፈ። በማዲሰን ያለው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት፣ ገንዘቡ ለልጁ እንደሚደርስ ያወቁ አባቶች በብዛት ከፈሉ።

በዚያው ከተማ፣ ሌላ ሙከራ

ሚልዋኪን ለዚህ ጥናት የተለየች የሚያደርጋት ሌላ ነገር አለ። ከ1994 እስከ 1998፣ ማለትም ደብልዩ-ቱ ሲዘጋጅና ሲጀመር፣ በከተማዋ ሁለት ድሃ ሠፈሮች፣ አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ፣ ኒው ሆፕ የሚባል ፕሮጀክት ይካሄድ ነበር። ውሉ አጭር ነው፦ በሳምንት 30 ሰዓት ከሠራህ ከድህነት ወለል በላይ እንድትሆን የደመወዝ ማሟያ፣ የዴይኬር ክፍያና የጤና ኢንሹራንስ ይሰጥሃል፤ ሥራ ካጣህ የማኅበረሰብ ሥራ በዝቅተኛ ደመወዝ ይሰጥሃል፤ ይህ የማኅበረሰብ ሥራ ደግሞ እውነተኛ ደመወዝ ስለሆነ የታክስ ድጎማ ያስገኛል። ልጅ ለሌለው ሰውም፣ ለወንዱም ክፍት ነው። 1,357 አመልካቾች በዕጣ ተለዩ፤ ግማሾቹ ገቡ፣ ግማሾቹ እንደነበሩ ቀሩ። የተገመገመው ኤምዲአርሲ በሚባለው የምርምር ተቋም ነው።

ውጤቱ ተአምር አልነበረም። ቀድሞውኑ ሙሉ ጊዜ ይሠሩ የነበሩት የሥራ ሰዓት አልጨመሩም፤ እንዲያውም ትርፍ ሰዓት የቀነሱ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ለማየት መሆኑን መገመት አያስቸግርም። ሥራ ያልነበራቸው ግን በብዛት ሠሩ፤ ድህነትም ቀነሰ። ተመራማሪዎቹን ያስደነቀው ከአዋቂዎቹ ይልቅ ልጆቹ ነበሩ። መምህራኑ፣ የትኛው ልጅ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ሳያውቁ ሲመዝኗቸው፣ የፕሮጀክቱ ቤተሰብ ወንዶች ልጆች በትምህርትም በጠባይም ተሽለው ተገኙ። ከመጀመሪያው ከአምስት ዓመት በኋላም ይህ አልጠፋም።

ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት ሰው ላይ፣ በአንድ እምነት የቆሙ ናቸው፤ ሥራ። አንደኛው እናቲቱ ስትወጣ በሩን ዘጋ፤ ሁለተኛው ሦስት ዓመት ሙሉ አብሯት ሄደ። ኒው ሆፕ ግን ለትንሽ ሰው የተደረገ ሙከራ ነበርና በ1998 መጨረሻ አበቃ፤ ያስፋፋው የለም።

ከሁለቱም የጠፉት

ሥራም የላቸውም፣ ዌልፌርም የላቸውም፣ የሚሠራ ባል ወይም የአካል ጉዳት ክፍያም የላቸውም። ተመራማሪዎቹ “ግንኙነታቸው የተቋረጠ” ይሏቸዋል። በ1999 በኧርባን ኢንስቲትዩት ጥናት በቅርብ ጊዜ ዌልፌር ከለቀቁት አሥር በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2002፣ ኢኮኖሚው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ 13.8 በመቶ፣ ከሰባቱ አንድ። በሚቺጋን አንድ አውራጃ ከ1997 ጀምሮ 753 የዌልፌር እናቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ምክንያቱን በቅርብ አሳይቷል። የመንፈስ ጭንቀት፣ የታመመ ልጅ፣ መኪናም መንጃ ፈቃድም ማጣት፣ የሚደበድብ ወንድ፤ አንዱ ብቻውን ሲሆን እናቶቹ ይቋቋሙታል፤ ሦስትና አራቱ ሲደራረብ ሥራው ይቀራል። ለቅጣት ቀድማ የምትጋለጠውም ይህችው እናት ናት፤ ቀጠሮ የሚያስቀረውም ሥራ የሚያስቀረውም አንድ ነገር ነውና። ሰዓቷ በ5.15 ዶላር እየተቆረጠ፣ ክፍያዋ ለታክሲ የማይበቃ እስኪሆን ሲደርስ መምጣቱን ትተወዋለች። በመዝገቡ ላይ ይህ “ወጣች” ተብሎ ይጻፋል፤ የነርስ ረዳት ሆና በሰዓት 9 ዶላር ካገኘችው ጋር በአንድ ዓምድ።

እነዚህ ሰዎች ምን ይበላሉ? ፉድ ስታምፕ ካላቸው እሱን፣ ካልሆነ የእናታቸውን ድስት። ቤታቸው የእኅት ሶፋ ነው። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዘመድ ዘመድን የሚይዘው በዚህ ዓይነት ነው። ግን ያቺ እናትና እኅትም ድሃ ናቸው። የግዛቱ ወጪ ቀነሰ ሲባል ከፊሉ ወደ አያት ጓዳ መዛወሩን የሚቆጥር ዓምድ አልነበረም።

ወደ እኛ የሚነካው

የ1996ቱ ሕግ ለስደተኛ ማኅበረሰቦች ሌላ ምዕራፍ ነበረው። ከነሐሴ 22 ቀን 1996 በኋላ በሕጋዊ መንገድ የገባ ሰው፣ በዲቪ የመጣውን ጨምሮ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የፌዴራል ታንፍ አያገኝም። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የመጣ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ፣ አንዱ በኬንያው የካኩማ ስደተኞች ካምፕ በኩል የመጣ፣ ሌላው በዲቪ፣ ሁለት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በዚህ ሕግ ፊት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የዲቪው ቤተሰብ ከዌልፌር “ለመውጣት” ዕድሉም የለውም፤ መጀመሪያም አልገባም።

አገር ቤትም የሚመስል ነገር አለ። በ2005 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሥራ ለሚሳተፉ ችግረኛ ገበሬዎች ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል፤ ከፕሮግራሙ መውጣት “ምረቃ” ይባላል። ቃሉ ደስ ይላል፤ ካባና ፎቶ ያስታውሳል። ቀበሌ ላይ ግን ብዙ ገበሬ “አስመረቁኝ” ሲል ቅሬታ ነው። ከላይ የሚወርድ የተመራቂ ዕቅድ ሲኖር፣ አንድ በሬ የጨመረ ሁሉ ተመራቂ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ሲቀር በሬው ይሸጣል። ሚልዋኪንና ሰሜን ወሎን አንድ ማድረጌ አይደለም፤ በአንዱ የሥራ ገበያው ሞልቶ ነበር፣ በሌላው መሬቱ ጠቧል። የምለው ቁጥሩን የሚጽፈው እጅ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ፈተና ላይ መውደቁን ነው።

ከዚያ ወዲህ

በ2008 ትልቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ የፉድ ስታምፕና የታንፍ ጠባይ በግልጽ ታየ። ፉድ ስታምፕ ከችግሩ ጋር ሰፋ፤ በ2013 47 ሚሊዮን ሰው ደረሰ። ታንፍ ግን ብዙም አልተነቃነቀም፤ በድፍኑ የሚሰጠው 16.5 ቢሊዮን ዶላር ሰው ሲበዛ አይጨምርምና። በ1996 ከ100 ድሃ ባለልጅ ቤተሰቦች 68ቱ የጥሬ ገንዘብ እርዳታ ያገኙ ነበር፤ በ2020 21ዱ። ስለዚህ ዛሬ “ከዌልፌር የወጡት እንዴት ሆኑ?” ብሎ መጠየቅ ራሱ ትንሽ ያረጀ ጥያቄ ሆኗል፤ አብዛኞቹ ድሃ እናቶች አልገቡም። በ1998 ለሚልዋኪ እናት ከሦስቱ “ቢሆኖች” ውስጥ የነበረው፣ ማለትም ፉድ ስታምፑ፣ ሜዲኬይዱና የታክሱ ድጎማ፣ ዛሬ የቀረው ሁሉ እሱ ነው።

የዊስኮንሲን የማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ ከ1997 ጀምሮ ለ14 ዓመት 673 ዶላር ሆኖ ቆየ። በ2011 የግዛቱ በጀት ሲወጣ ተነካ፤ 20 ዶላር ተቀንሶለት 653 ሆነ። ያን ጊዜ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 7.25 ደርሶ ነበር።